መርፌው ሲዋሽ፦ ለአሮጌ መኪና የሙቀት ጌጅ የትኛው መፍትሔ ይሻላል?

ከለገሀር ወደ ማዘጋጃ ቤት ቸርችልን ሽቅብ ሲወጣ የሙቀት ጌጁ ከፍ ብሎበት ያልደነገጠ የአሮጌ መኪና ባለቤት ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን የተቃጠልኩት ጌጁ ሲወጣ አይደለም። ሲወርድ ነው።

ላዳዋ የአባቴ ናት። ታክሲ ሠርቶባታል፣ እኛን አስተምሮባታል፣ አሁን ቀለሟን ቀይረን የቤት መኪና አድርገናታል። ያን ቀን ቴዎድሮስ አደባባይ ጋ ስደርስ መርፌው ቀዩን ሊነካ ምንም አልቀረውም ነበር። ዳር ልይዝ ፍሬቻ አበራሁ። ወዲያው መርፌው ቁልቁል ወረደ፣ እስከ ቀዝቃዛው ጫፍ ድረስ። ተመስገን ብዬ ቀጠልኩ። ማዘጋጃ ቤት ሳልደርስ ሞተሩ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ፣ የጋለ ብረትና የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ፣ ከዚያ ጠፋ። ኮፈኑን ስከፍት የታችኛው የራዲያተር ጎማ ተሰንጥቋል፣ ውኃው አስፋልት ላይ ቀርቷል። ሴንሰሩ፣ የውኃውን ሙቀት ለክቶ ለጌጁ የሚነግረው ዕቃ፣ የሚነካው ውኃ ስላጣ ባዶ ቦታ ላይ ቆሞ «ቀዝቅዘናል» እያለኝ ነበር። የቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ሄደ። ቴስታታው ራሱ ጠምሞ ማሽን ቤት ገብቶ ተላገ። ወጪውን አልነግራችሁም፣ አባቴም ይህን ሊያነብ ይችላል።

ሁለተኛው ጊዜ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሆነ። አንድ ጠዋት ገና ቁልፉን ስከፍት፣ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ላይ አድሮ፣ መርፌው ቀጥ ብሎ ቀይ ገባ። ተቃጥዬ የማውቅ ሰው ነኝና ሮጬ ጋራዥ ገባሁ። እዚያ ቴርሞስታቱን፣ የውኃውን መንገድ ወደ ራዲያተር እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋውን ዕቃ፣ አውጥተው ጣሉት፣ ራዲያተሩን አጠቡ፣ አስከፈሉኝ፣ መርፌው ግን ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ አንድ ሸምገል ያሉ ኤሌክትሪሺያን መጥተው በፒንሳ አንዲት ሽቦ ከሴንሰሩ ላይ ነቀሉ። መርፌው ወረደ። «ሴንሰርህ ነው ልጄ፣ መኪናህ ጤነኛ ናት» አሉኝ። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

ስለዚህ ጌጅ ሲያስቸግር ያሉትን አማራጮች ልክ እንደ ዕቃ ገዢ ላወዳድራቸው ነው። ቮልስ ያላችሁ ሻይ እየጠጣችሁ እዩን፣ የናንተ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ውኃም ራዲያተርም የለበትም። ሌሎቻችን፣ ላዳ፣ ፊያት፣ ፔጆ፣ ዲኤክስ፣ ላንድሮቨር የያዝን፣ እንቀጥል።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

ማን እንደሚዋሽ ሳታውቁ ምንም አትግዙ። ለዚህ የሚያስፈልጋችሁ ቁራጭ ሽቦና ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው።

በአብዛኞቹ የዚያ ዘመን መኪኖች ላይ የጌጁ ሴንሰር አንድ ሽቦ ብቻ ነው ያለው። ላዳ ላይ ቴስታታው ላይ ከካንዴላዎቹ (ቤንዚኑን በብልጭታ ከሚያቀጣጥሉት) ጎን ታገኙታላችሁ። ውስጡ ያለው ነገር ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ አላሳልፍ ይላል፣ ሲሞቅ ይለቃል። በሽቦው የሚያልፈው ሲጨምር መርፌው ይወጣል። ሁለተኛው ሽቦ የለም ያልኩት በምክንያት ነው፣ ኤሌክትሪኩ የሚመለሰው በሞተሩ ብረት በኩል ነው። መካኒኮች ማሳ የሚሉት ይህንን ነው። የጌጅ ጣጣ ግማሹ ከዚህች ማሳ ይነሳል፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ቁልፉን ክፈቱ፣ አታስነሱት። ሽቦውን ከሴንሰሩ ንቀሉ። መርፌው ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ መተኛት አለበት። ቀጥሎ የሽቦውን ጫፍ ንጹሕ የሞተር ብረት ላይ አስነኩ። መርፌው ወደ ቀይ መሄድ አለበት። ሁለቱንም ካደረገ ጌጁም፣ ሽቦውም፣ ፊውዙም ደህና ናቸው። ጥፋት ካለ ሴንሰሩ ወይም ማሳው ላይ ነው። ሽቦው ተነቅሎም ቀይ ላይ ከቀረ ግን ሽቦው መንገድ ላይ ተልጦ ብረት እየነካ ነው፣ ወይም ጌጁ ተበላሽቷል። ብረት ነክቶም ንቅንቅ ካላለ ደግሞ ሽቦው ተበጥሷል፣ ወይ ፊውዝ ተቃጥሏል፣ ወይ ጌጁ አልቆለታል። የነዳጁ ጌጅም አብሮ ከሞተ ፊውዙን ሳታዩ ሌላ ነገር አትንኩ።

ብረት ላይ የምታስነኩት ለሁለት ለሦስት ሰከንድ ነው። አስነክታችሁ ስልክ አታንሱ፣ ጌጁን ትጠብሱታላችሁ።

መኪናው እየሄደ ሳለም መርፌው ብዙ ያወራል። የፊት መብራት ስታበሩ ወይም የዝናብ መጥረጊያ ስታስነሱ መርፌው አብሮ ከተነሳ እሱ ሙቀት አይደለም፣ የማሳ ወይም የኤሌክትሪክ ችግር ነው፤ ውኃ በአንድ ጊዜ አይሞቅም። ትራፊክ ላይ ቆማችሁ ወጥቶ ስትሄዱ የሚወርድ ከሆነ ሙቀቱ እውነት ነው፣ ፋኑን ወይም የሚያዞረውን ቺንጋ እዩ። ትራፊክ ላይ ደህና ሆኖ ወደ እንጦጦ ስትወጡ የሚነሳ ከሆነ ራዲያተሩ ውስጡ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። እየወጣ ቆይቶ በድንገት ዘጭ ካለ፣ እባካችሁ፣ እንደኔ ተመስገን አትበሉ። አጥፉና ውኃ እዩ።

ክዳኑን ግን በትኩሱ አትክፈቱ። ይህን ሁሉም ሰው ይላል፣ እዚህ ከተማ ግን ተጨማሪ ምክንያት አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጅቡቲ ወደብ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውኃ እኛ ጋ በ92 አካባቢ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ ግን ክዳኑ ውኃውን አፍኖ ስለሚይዝ የመፍያው ነጥብ ከፍ ይላል። ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል (የግፊቱ መጠን በባር ነው) ካለና ክዳኑ በደንብ የሚይዝ ከሆነ እዚህ 114 አካባቢ ሳይደርስ አይፈላም። ጎማው ያለቀ ክዳን ከሆነ ግን ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ 95 ላይ እያለ ውኃው ይንተከተካል። 95 ዲግሪ ደግሞ ለብዙ ሞተር ምንም ማለት አይደለም። ስለዚህ ጌጁ ደህና እያሳየ ውኃው ከፈላባችሁ፣ ጌጁን ከመስደባችሁ በፊት ክዳን ቀይሩ። ርካሽ ነው። በትኩሱ ከፈታችሁት ደግሞ ታፍኖ የነበረው ውኃ ባንዴ ይገነፍልና ፊታችሁ ላይ ይመጣል።

ጌጃችሁ የትኛው ዓይነት ነው?

ይህን ሳታውቁ መለዋወጫ ልትገዙ ሶማሌ ተራ ብትወርዱ ሻጩ ያለውን ይሰጣችኋል እንጂ የሚሆናችሁን አይሰጣችሁም።

ሞተሩን ሞቅ አድርጉና ቁልፉን ዝጉ። መርፌው ሙቀት እያሳየ ከቀረ ጌጃችሁ ምናልባት ሜካኒካል ነው፤ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ከሞተሩ እስከ ዳሽቦርዱ ቀጭን የመዳብ ቱቦ ይሄዳል፣ ጫፉ ላይ ያለው ፈሳሽ ሲሞቅ ቱቦው ውስጥ ግፊት ይፈጥርና መርፌውን ይገፋዋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠሩ በርካታ መርሰዲሶች እንዲህ ናቸው። ቁልፍ ሲዘጋ መርፌው ከወረደ ኤሌክትሪክ ነው። ያኔ ቁልፉን መልሳችሁ ክፈቱና አስተውሉ፤ መርፌው ፈጥኖ ቦታው ከዘለለ ውስጡ መጠምጠሚያ ያለው ነው፣ ላዳ እንዲህ ናት። እያዘገመ፣ ጥቂት ሰከንድ ፈጅቶ ከወጣ ደግሞ ውስጡ እየሞቀ የሚጣመም ብረት ያለበት ነው፣ ብዙ የእንግሊዝ መኪኖች ላይ አለ። ላንድሮቨር ያላችሁ ይህን ልብ በሉ።

የሚያዘግመው ዓይነት ከጀርባው አንድ ትንሽ ዕቃ አለው፤ ከባትሪ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ወደ 10 ቮልት አውርዶ ለሙቀትም ለነዳጅም ጌጅ ያካፍላል። ይህ ዕቃ ሲበላሽ ሁለቱም ጌጆች አብረው ይዋሻሉ፤ ሞተሩ ሞቀ ይላል፣ ነዳጁም ሞላ ይላል። ሙሉ ታንክ አለኝ ብሎ ሜክሲኮ ላይ የቆመ ወዳጅ አለኝ። ሁለቱ አብረው ከተሳሳቱ ሴንሰር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ ያንን ዕቃ ቀይሩ።

አንደኛው አማራጭ፦ ማሳውን ማጽዳት

ነጻ ነው። ስለዚህ ሰው ይንቀዋል። በባትሪና በሞተር፣ በሞተርና በቦዲ መካከል ያሉትን ወፋፍራም ሽቦዎች ፍቱ፣ ጫፋቸውን በብርጭቆ ወረቀት አብሱ፣ አጥብቃችሁ መልሱ። የሴንሰሩንም ሽቦ ጫፍ እንዲሁ።

ከዚያ ሴንሰሩን እዩት። ጥርሱ ላይ ነጭ ቴፍሎን ተጠምጥሞ ታዩ ይሆናል። ውኃ እንዳያንጠባጥብ ተብሎ ነው፣ የቧንቧ ልማድ። ቴፍሎን ግን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ብዙ ዙር ከተጠመጠመ ሴንሰሩን ከሞተሩ ብረት ይለየዋል፣ ጌጁም ሞተሩ እየተንጨረጨረ ቀዝቃዛ ነው ይላችኋል። ይህ ከሁሉም የከፋው ውሸት ነው። ፍቁት፣ ቀለበት ካለው ቀለበቱን ቀይሩ፣ ባዶውን አጥብቁት።

ሁለተኛው፦ ሴንሰሩን መቀየር

የኔ ሁለተኛ ጣጣ በዚህ ነው ያለቀው፣ ብዙ ሰው ላይም የሚያልቀው በዚህ ነው። ርካሽ፣ የአሥር ደቂቃ ሥራ። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ አሮጌውን ፈታ ስታደርጉ አዲሱ በእጃችሁ ይሁን፣ ውኃው ብዙ ሳይፈስ ትተኩታላችሁ።

ችግሩ አዲሱ ነው። ሶማሌ ተራ ላይ «የላዳ ነው» ተብዬ የገዛሁት ሴንሰር ጥርሱ ልክክ ብሎ ገባ። ስነዳ ግን መርፌው ሁልጊዜ ከልኩ በላይ ይቆማል። ሴንሰሩ አልተበላሸም፤ የሌላ መኪና ጌጅ የሚሰማውን ቋንቋ ነው የሚያወራው። ጥርሱ መግጠሙ ምንም አይነግራችሁም። አንዳንዴ ደግሞ የሚሸጥላችሁ የጌጅ ሴንሰር ሳይሆን መብራት ማብሪያ ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ቀይ መብራት ለማብራት ብቻ የተሠራ። እሱ በመካከል ያለውን ሙቀት አያውቅም፣ መርፌው ከታች ተኝቶ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ቀይ ይገባል።

ስለዚህ ስትገዙ ቴስተር፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ይዛችሁ ሂዱ። ኦም ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ ሴንሰሩ አናት ላይ፣ ሌላውን ጥርሱ ላይ አስይዙ። የጌጅ ሴንሰር በብርድ ጊዜ ቁጥር ያሳያል። የመብራቱ ምንም አያሳይም። ከዚያ መዳፋችሁ ውስጥ ጨብጡት፣ ቁጥሩ ቀስ እያለ መውረድ አለበት። ሻጩ ሊስቅባችሁ ይችላል። ይሳቅ።

ለላዳው የሚሆነው ሴንሰር በ90 ዲግሪ ላይ ከ155 እስከ 196 ኦም፣ በ50 ዲግሪ ላይ ከ585 እስከ 820 ኦም መሆን አለበት። ይህን ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል፣ እኔ ፈትኛለሁ። እናቴ «በድስቴማ አይሆንም!» ስላለች ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ውኃ ሞልቼ ለቡና የተቀጣጠለው ከሰል ላይ ጣድኩት። ሴንሰሩን በሽቦ አንጠልጥዬ ጥርሱን ብቻ ውኃው ውስጥ ነከርኩ፣ ታች እንዳይነካ። ቴስተሩን አሰርኩ። ውኃው ለብ ሲል ቁጥሩ ከሺህ በላይ ነበር። መፍላት ሲጀምር ወርዶ 160 አካባቢ ላይ ቆመ፣ ከዚያ ወዲያ አልተነቃነቀም።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የፈላ ውኃ 100 ዲግሪ ነው ብሎ ሠንጠረዥ ላይ 100ን የሚፈልግ ሰው ጤነኛ ሴንሰር ይጥላል። አዲስ አበባ ላይ ቆርቆሮ ውስጥ የፈላ ውኃ 92 ገደማ ነው። ከሰል ብትጨምሩበት ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ ከ90ው መስመር ጋር አወዳድሩት፣ ትንሽ ዝቅ ቢልም አትደንግጡ።

ሦስተኛው፦ ጌጁን ራሱን መቀየር

በአጭሩ፣ መጀመሪያ ላይ በነገርኳችሁ ፈተና ጥፋቱ ጌጁ ላይ መሆኑ ካልታወቀ አትሞክሩት። ዳሽቦርድ ሲፈታ የዕድሜ ባለጸጋ ፕላስቲክ ይሰበራል፣ አንድ ችግር ይዛችሁ ገብታችሁ ሦስት ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ከወሰናችሁ ከተመሳሳይ መኪና የተፈታ ሙሉ ስብስብ ከነሰዓቱ ግዙ፣ ሴንሰሩንም ከዚያው መኪና ላይ አብራችሁ ውሰዱ። ላዳ እ.ኤ.አ. በ1970 መመረት የጀመረችው ፊያት 124ን መነሻ አድርጋ ስለሆነ ሰዎች የአንዱን ዕቃ ለሌላው ይሸጡላችኋል። አንዳንዱ ይሠራል። ጌጅና ሴንሰር ላይ ግን ዝምድና አይበቃም፣ ጥንድ ሆነው ይምጡ።

አራተኛው፦ ለብቻው የሚሠራ ሜካኒካል ጌጅ

ዋጋው ከሴንሰር በላይ ነው፣ ሥራውም ይከብዳል። እኔ ግን ዛሬ ሌላ መኪና ብገዛ ከሁሉ በፊት የማስገባው ይህንን ነው። ምክንያቱም ማሳ አይፈልግም፣ ፊውዝ አይፈልግም፣ ባትሪው ቢደክም አያሳስበውም። ቁጥር ይነግራችኋል፣ 85 ወይ 95። «ትንሽ ከመሐል ከፍ ብሏል» የሚለው ክርክር ያበቃል።

ጉድለቱም ብዙ ነው። የመዳቡ ቱቦና ጌጁ አንድ አካል ናቸው። ቱቦው ከተቆረጠ ወይም እንደ ወረቀት ከታጠፈ ሙሉው ይጣላል፣ አይቀጠልም። ስለዚህ ሲዘረጋ በሰፊው ይጠማዘዝ፣ ከመጠን ያለፈው በትልቅ ክብ ይጠቅለል። ከሞተር ክፍሉ ወደ ውስጥ በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ጎማ ይደረግ፤ ባዶ ቆርቆሮ እያንቀጠቀጠ ይበላዋል። ጫፉ የሚገባበት ቀዳዳ ሁልጊዜ አይገጥምም፣ መሸጋገሪያ ያስፈልጋል፣ ቶርኖ ቤት ይሠሩላችኋል። ከሁሉም በላይ የመጀመሪያውን ሴንሰር ነቅላችሁ በሱ ቦታ አታስገቡት፣ ሌላ መግቢያ ፈልጉ። ከሁለቱ አንዱ ሲዋሽ ሌላው ምስክር ይሁንላችሁ።

ውኃ ሲያልቅ ግን ይኸኛውም ይዋሻል፤ ጫፉ ባዶ ቦታ ላይ ከተንጠለጠለ ሜካኒካል ስለሆነ ብቻ እውነት አይናገርም። ለዚያ የሚሆነው መድኃኒት ጠዋት ጠዋት ኮፈን ከፍቶ ውኃ ማየትና ያረጀ ጎማ ሳይፈነዳ መቀየር ብቻ ነው።

አምስተኛው፦ በእጅ የሚያዝ የሙቀት መለኪያ

ከርቀት ብርሃን ጠቁሞ የሚለካው። ለመጠርጠር ጥሩ ነው፣ ለመንዳት አይሆንም። ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከኮሮና ጊዜ ቤት የቀረውን የግንባር መለኪያ አታውጡ፣ እሱ የሰው ትኩሳት ብቻ ነው የሚያውቀው፣ 43 ዲግሪ አካባቢ ላይ ያበቃል። ትክክለኛውንም ቢሆን የሚያብለጨልጭ አሉሚኒየም ላይ አትጠቁሙት፤ ከእውነተኛው በጣም ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። የቴርሞስታቱ ቤት ላይ ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ለጥፋችሁ እዚያ ላይ ለኩ። የላይኛው የራዲያተር ጎማ ላይም ይሠራል፣ ግን ጎማው ወፍራም ስለሆነ ከውስጡ ውኃ ትንሽ ያንሳል።

ጎረቤት ካለው ተበደሩ፣ አትግዙ።

ስድስተኛው፣ አማራጭ ከተባለ፦ ቴርሞስታቱን ማውጣት

ይህ ምክር የማይሰጥበት ጋራዥ አላየሁም። «የኛ አገር አየር ቴርሞስታት አይፈልግም» ይላሉ። አየሩማ ይፈልጋል፣ ጠዋት ጠዋት የሚበርደን እኛ ነን። ሞተሩ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ ቤንዚን ይጨምራል፣ ዘይቱ ይቆሽሻል፣ ውስጡ ቶሎ ያልቃል። ጌጁ ሲዋሽ ደግሞ ምንም አይፈታም፤ እኔ ላይ አልፈታም።

ላዳ ላይ ነገሩ ይብሳል። ቴርሞስታቱ ሦስት ጎማ የሚገናኝበት ለብቻው የተቀመጠ ዕቃ ነው፣ ሁለት በር አለው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውኃው በራዲያተሩ ሳያልፍ ቶሎ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፣ ሲሞቅ ያ አቋራጭ ይዘጋና ውኃው ሁሉ በራዲያተሩ ይዞራል። ውስጡን አውጥታችሁ ባዶውን ከመለሳችሁት አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ከውኃው የተወሰነው ራዲያተሩን ሳያይ ይመለሳል። እንዲቀዘቅዝ ብላችሁ የሠራችሁት ሥራ ሽቅብ ላይ ያሞቃችኋል። እኔ ከዚያ ጋራዥ ከወጣሁ በኋላ በሳምንቱ አዲስ ቴርሞስታት ገዝቼ አስገባሁ፣ በድስት ፈትኜ፣ ይቅርታ፣ በቆርቆሮ። 80 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል፣ ስለዚህ የኛ 92 ዲግሪ የፈላ ውኃ ለዚህኛው ፈተና ይበቃል።

ታዲያ የቱን?

መኪናዋን በሳምንት አንዴ ለሠርግና ለእሁድ የምታወጡ ከሆነ ማሳውን አጽዱ፣ ልኩን ሴንሰር ፈልጉ፣ ይበቃችኋል። ዳሽቦርዷን አታበላሹ። በየቀኑ ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ የምትመላለሱባት ከሆነ ወይም ቴስታታዋ አንዴ ተልጎ ከነበረ ሜካኒካሉን ጨምሩ። ላንድሮቨር ካላችሁና ነዳጁም ሙቀቱም አብረው ከሳቱ ያቺን 10 ቮልት ዕቃ ብቻ። ሜካኒካል ጌጅ ኖሯችሁ ቱቦው የተቆረጠባችሁ ደግሞ ኤሌክትሪኩን ከነሴንሰሩ መግዛት ይቀላችኋል፣ መልኩ ቢያስጠላም።

ገንዘቡ ለሌለው አንድ መንገድ አለ፣ እኔም መጀመሪያ ያደረግኩት እሱን ነው። ሜካኒካል ጌጅ ለአንድ ቅዳሜ ተዋስኩ። ዳሽቦርድ ላይ ሳልሰቅለው፣ ቱቦውን በኮፈኑ ጎን አውጥቼ በመስኮት አስገባሁና ወንድሜ ጭኑ ላይ ይዞት ተቀመጠ። ከለገሀር ተነስተን ቸርችልን ወጣን። እሱ ቁጥር ይጠራል፣ እኔ የላዳዋን መርፌ አያለሁ። «ሰማንያ!» ሲል፣ «ዘጠና!» ሲል ዳር እየያዝኩ መርፌው የቆመበት ቦታ ላይ መስታወቱን በእህቴ ጥፍር ቀለም ነካ አደርጋለሁ። ጌጁን ማታውኑ መለስኩ። ሁለቱ ቀይ ነጠብጣቦች እስካሁን አሉ። የመጀመሪያው መርፌው ከወትሮው የሚቆምበት ቦታ ላይ ነው፣ ሁለተኛው ከሱ በስተቀኝ ጣት በማይሞላ ርቀት። አባቴ ሲነዳ አሁንም የሚያየው እነሱን ነው፣ ከሥር የሰቀልኩትን አዲሱን ጌጅ ዞር ብሎም አያየውም።